አራስና ጨቅላ ሕፃናትን ክፉኛ የሚይዙ ቫይረሶች፦ ከጅማ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከልደት እስከ ስድስት ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ነው፤ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ደንቡ ጠበቅ ስለሚል በየቦታው ለይተን ጠቅሰነዋል።

ታላቁን ሁለት ቀን አስነጥሶ የተወው ጉንፋን ታናሹን ለምን ሆስፒታል ያስተኛዋል?

ቫይረሱ ያው ነው፤ የሚለያየው ያረፈበት አካል ነው። የጨቅላ ልጅ የሳንባ ቀጫጭን ቱቦዎች በጣም ጠባብ ናቸው። ቱቦው አብጦና አክታ ሞልቶት ስፋቱ በግማሽ ከቀነሰ፣ አየር ለማሳለፍ የሚጠይቀው ጉልበት እስከ 16 እጥፍ ይደርሳል። የአምስት ዓመቱ ልጅ ቱቦ ሰፊ ስለሆነ ያንኑ ያህል እብጠት በሳል ብቻ ያልፈዋል። በዚያ ላይ ጨቅላ ልጅ በዋናነት የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። አፍንጫው ከተደፈነ ጡት መጥባትና መተንፈስ አብረው አይሄዱለትም፤ ጎድኑ ገና ለስላሳ፣ የመተንፈሻ ጡንቻውም ቶሎ የሚዝል ነው።

የመከላከል አቅሙም የራሱ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠብቀው ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የተላለፈለት ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ አብዛኛው የሚተላለፈው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ስንቁን ሳይሞላ ስለወጣ ከሁሉም በላይ ይጎዳል። ከልብ ችግር ጋር የተወለደም እንደዚያው።

የትኞቹ ቫይረሶች ናቸው?

አንደኛው አር ኤስ ቪ የሚባለው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ በትልልቆች ላይ ተራ ጉንፋን ሲሆን በጨቅላ ላይ ግን የቀጫጭን ቱቦዎች እብጠት፣ ማለትም ብሮንኮላይተስ ያመጣል። ኢንፍሉዌንዛ፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ፣ አዴኖ ቫይረስና ኮቪድም ተመሳሳይ በሽታ ያስከትላሉ። በአንጀት በኩል ሮታ ቫይረስ አለ። ከሁሉም በቁጥር የሚያንሰው፣ በክፋቱ ግን የሚብሰው የአራስ ሄርፒስ ነው፤ እሱን ከታች ለብቻው ታገኙታላችሁ። ኩፍኝም ከነዚሁ ይደመራል።

«ብርድ መትቶት ነው» ይሉናል። እውነት ነው?

ብርድ ብቻውን ቫይረስ አይፈጥርም። ጅማ ላይ ክረምቱ ሲጠና ሰው በርና መስኮት ዘግቶ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል፣ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ፤ ቫይረሱ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። አር ኤስ ቪ በሳልና በንፍጥ ጠብታ፣ ከዚያም በላይ በእጅ ይተላለፋል። ጠረጴዛና የበር እጀታ ላይ ለሰዓታት ይቆያል።

«ብርድ ነው» የሚለው እምነት ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ልጁን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ፊቱን መሸፈን፣ ወይም ከሰል አያይዞ ክፍሉን መዝጋት። ፊቱ የተሸፈነ ልጅ አተነፋፈሱ ሲለወጥ የሚያየው የለም። ያልተናፈሰ ክፍል ውስጥ ያለ ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ እናትንም ልጅንም ይገድላል። አንድ ድርብ ልብስ፣ ኮፍያና ካልሲ፣ ከእናት ገላ ጋር መጠጋት ይበቃዋል።

ቡና ስናፈላ ጭሱ ይጎዳዋል?

አዎ። የማገዶ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ የቆሰለውን ቱቦ የበለጠ ያሳብጠዋል። ቡናው ይፈላ፤ ቆሎውም ይቆላ፤ ልጁ ግን ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። ሌላ ክፍል ከሌለ ምድጃውን ወደ ደጅ ማውጣት ይቀላል። ሲጋራ የሚያጨስም ውጭ አጭሶ፣ ጃኬቱን አውልቆና እጁን ታጥቦ ይግባ።

ትንፋሹ መፍጠኑን በምን አውቃለሁ?

ልጁ ሲተኛ ወይም ጠብቶ ሲረጋጋ ልብሱን እስከ ደረቱ ገልጠው፣ ሆዱ አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ እያሉ፣ የስልክዎን ሰዓት ይዘው ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ለአራስ አይሠራም፤ ጤነኛው አራስ እንኳ ለጥቂት ጊዜ አከታትሎ ይተነፍስና ከአምስት እስከ ዐሥር ሰከንድ ቆም ይላል። ቆም ያለበት ላይ ከቆጠሩ ያንስብዎታል፣ ያፈጠነበት ላይ ከቆጠሩ ይበዛብዎታል። እያለቀሰ ከሆነም አይቁጠሩ።

ለሁለት ወር ያልሞላው ልጅ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ ደግመው ይቁጠሩና ያው ከሆነ ይነሡ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ወሰኑ 50 ነው። ከቁጥሩ ጋር ደረቱን ይመልከቱ፦ አየር ሲያስገባ የጎድኑ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ አፍንጫው የሚከፋፈት ከሆነ፣ ወይም ሲያስወጣ «እህ፣ እህ» እያለ የሚያቃስት ከሆነ ቁጥሩ ከወሰኑ ቢያንስም ሆስፒታል የሚያስሄድ ነው።

ትኩሳት የለውም፣ አያለቅስም፣ ዝም ብሎ ይተኛል። ታዲያ ምን ያሳስባል?

በጣም የሚያሳስበን ይኼ ነው። ትልቅ ልጅ ሲታመም ይነጫነጫል፣ ይጋላል። ጨቅላ ግን ሲብስበት ጸጥ ይላል፤ ማልቀስም መሳልም ጉልበት ይጠይቃሉ፣ እሱ ደግሞ ያለውን ጉልበት በሙሉ ለትንፋሹ እያዋለ ነው። «ተመስገን፣ ዛሬስ ሳሉም ቀነሰለት፣ ተኛልኝ» የተባለለት ልጅ ብዙ ጊዜ ደክሞ የተኛ ነው። ልዩነቱን የሚያሳየው ጡት ነው። የተሻለው ልጅ ተነሥቶ አጥብቆ ይጠባል፤ የደከመው ሁለት ሦስቴ ጠብቶ ይለቃል፣ ወይም እግሩን ቢነካኩትም ከእንቅልፉ አይነቃም።

ለሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ከሚከተሉት አንዱ ብቻ ከታየበት ሌሊትም ቢሆን አያሳድሩት፦ መጥባት መተው ወይም ከወትሮው ግማሽ በታች መጥባት፤ መንቀጥቀጥ (አንድ እጅ ብቻ ደጋግሞ መፈራገጥ ወይም ዐይን አንድ ቦታ ላይ መቅረትም ይቆጠራል)፤ ሲቀሰቅሱት ብቻ መንቀሳቀስ ወይም ጭራሽ አለመንቀሳቀስ፤ የብብት ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ፤ ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ፤ ከላይ የጠቀስነው የትንፋሽ ምልክት። መቀዝቀዝ የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በአራስ ላይ ግን ከትኩሳት እኩል ያስፈራል።

ለየትኛውም ዕድሜ፦ ትንፋሹ 20 ሰከንድ ያህል ከተቋረጠ፣ ወይም ምላሱና ድዱ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ አንድ ደቂቃ አይጠብቁ። የቆዳ ቀለም ስለሚያሳስት ከንፈርን ብቻ አይዩ፤ አፉን ከፍተው ምላሱን ይዩ።

አፍንጫው ተደፍኖ መጥባት አቅቶታል፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን (0.9 በመቶ የጨው ውሃ) ጠብታ ይግዙ። ከመጥባቱ ዐሥር ደቂቃ ያህል በፊት በጀርባው አስተኝተው በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃ ቆይተው የወጣውን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። የጎማ መምጠጫ ካለዎት መጀመሪያ ውጭ ይጭመቁትና ጫፉን ቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ አስጠግተው ይልቀቁት። ወደ ውስጥ የገፋ ጫፍ ያደማል፣ ያሳብጣል፤ በቀን ከሦስት አራቴ በላይ መምጠጥም እንደዚያው። በአፍ መምጠጥ ይቅር፤ የእርስዎን ጉንፋን ያቀብሉታል።

ጡቱን አሳጥረው ቶሎ ቶሎ ይስጡት፦ በሦስት ሰዓት አንዴ የሚጠባውን በሰዓት ተኩል። ደክሞት ከተወ ወተቱን በእጅ አልበው በንጹሕ ስኒ ጥቂት በጥቂት ያቅምሱት። ሲጠባ ቀና ይበል፤ ሲተኛ ግን በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ያለ ትራስ። ሽንቱንም ይከታተሉ፤ ስምንት ሰዓት ያህል ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ውሃ እያነሰው ነው።

ፓራሲታሞል ልስጠው? የሳል ሽሮፕስ?

ለሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ሐኪም ሳያየው ፓራሲታሞል አይሰጥም። ትኩሳቱን ያወርድና ምልክቱን ይሸፍንብናል። ከሁለት ወር በላይ ላለው ልኩ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በስድስት ሰዓት አንዴ፣ በቀን ከአራቴ ሳይበልጥ ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ካለበት ሽሮፕ 2 ሚሊ ሊትር (48 ሚሊ ግራም) ይበቃዋል። ስሕተቱ የሚመጣው በሻይ ማንኪያ ነው፦ አንድ ሙሉ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ለዚህ ልጅ ከእጥፍ በላይ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ያለበት ጠርሙስም ስላለ ጽሑፉን ያንብቡ፤ በመርፌ መሰል መለኪያ (ሲሪንጅ) ይለኩ። በፊንጢጣ የሚገባው ባለ 125 ሚሊ ግራምም ለእሱ ይበዛበታል።

የሳል ሽሮፕ፣ ፕሮሜታዚን፣ ኮዴይን ያለበት ማንኛውም ነገር ለጨቅላ አይሰጥም፤ ያስተኛዋል፣ ትንፋሹን ያዘገየዋል። አስፕሪን ጭራሽ አይታሰብም። አይቡፕሮፌን ከስድስት ወር በፊት፣ ማር ከአንድ ዓመት በፊት አይሞከርም። ለአስም የሚሰጠው ሳልቡታሞልም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ለብሮንኮላይተስ አይረዳም፤ ቱቦው የጠበበው በጡንቻ መኮማተር ሳይሆን በእብጠትና በአክታ ነውና።

ዳማከሴ፣ ቅቤ፣ እንጥል ማስቆረጥስ?

ዳማከሴ አዋቂ ይሽተተው፣ ይጠጣው፤ አራስ አፍንጫ ውስጥ የተጨመቀ ቅጠል ግን ያቃጥላል፣ ወደ ሳንባም ይወርዳል። ቅቤ ማዋጥ ከዚያ ይከፋል። እያለከለከ የሚተነፍስ ልጅ አይውጠውም፤ ይስበዋል፤ ሳንባ ላይ ያረፈ ቅባት ደግሞ የራሱን የሳንባ ምች ያመጣል። የባሕር ዛፍ እንፋሎት የሚያመጣው ቃጠሎ ነው።

እንጥል ማስቆረጥ «ለእገሌ ልጅ ሠርቶለታል» ስለሚባል ነው የሚቀጥለው። ተራ የቫይረስ ሕመም ከአምስተኛው ስድስተኛው ቀን በኋላ በራሱ ይቀላል፤ በዚያ ሰሞን የተቆረጠ ልጅ ሲሻለው ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። የደማውና የመረቀዘው፣ ቴታነስ የያዘው ልጅ ግን አይወራለትም። ሳሉ ከእንጥል የሚመጣ አይደለም።

ስንተኛው ቀን ላይ ይከፋል?

መቁጠር የሚጀመረው ንፍጥ ካዩበት ቀን ነው። አንደኛና ሁለተኛው ቀን ተራ ጉንፋን ይመስላል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ድረስ ትንፋሹ ይብሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይረጋጋል። ሳሉ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል።

ከዚህ የሚመጣ ተግባራዊ ነገር አለ። በሁለተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው «ደህና ነው፣ ወደ ቤት ይመለሱ» ቢባሉ፣ ያ ቃል ለሁለተኛው ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ከባሰበት «ታይቶ ነበር» ብለው አይቀመጡ፤ ደግመው ይሂዱ። ከስድስት ሳምንት በታች ያለና ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ከሳሉ ቀድሞ ትንፋሹ ሊቋረጥ ስለሚችል አራተኛው ቀን አይጠበቅለትም።

ወዴት ልውሰደው? በመንገድስ?

ጅማ ከተማ ውስጥ ከሆኑና የአደጋ ምልክት ካለው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል፦ ሸነን ጊቤ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። ከሰቃ፣ ከደዶ ወይም ከአጋሮ ወገን ከሆኑ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይቅደም። እዚያ የመጀመሪያው መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ሪፈር ይጻፍለታል፣ ተቀባዩ ሆስፒታልም በስልክ ይነገረዋል። የመጀመሪያው መርፌ የተወጋበት ሰዓት ሪፈሩ ላይ መጻፉን ይጠይቁ፤ ካልተጻፈ ወይ ይደገማል ወይ ይዘለላል። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው፤ የቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የወረዳውን አምቡላንስ ታስጠራልዎታለች።

በባጃጅም ይሁን በሚኒባስ ልጁን ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርገው ደረትዎ ላይ ገላ ለገላ ይለጥፉት፣ ከላይ በነጠላና በጋቢ ይሸፈኑ፤ ፊቱ ክፍት ሆኖ እንዲታይዎ። መጥባት ከቻለ መንገድ ላይ ያጥቡት። የክትባት ካርዱን፣ የሰጡትን መድኃኒት ከነጠርሙሱ፣ መጨረሻ የጠባበትንና የሸናበትን ሰዓት ይዘው ይምጡ።

ኦክስጅን ከተደረገለት አበቃለት ማለት ነው?

አይደለም። ኦክስጅን ለብሮንኮላይተስ ዋናው ሕክምና ነው፤ ቫይረሱን የሚገድል የተለመደ መድኃኒት ስለሌለ ሰውነቱ እስኪያሸንፈው ጊዜ የሚገዛለት እሱ ነው። ሱስም አይሆንም። ጣቱ ላይ ወይም እግሩ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ የደሙን ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ሲያነብ ይጀመራል። የጅማ ከፍታ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ የጤነኛው ልጅ ንባብ ከቆላው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ 93 ወይም 94 አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ለጨቅላ የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ይጀምራል። ቱቦው አፍንጫው ውስጥ መሆኑን፣ በንፍጥ አለመደፈኑን እናትም ልታይ ትችላለች።

ያ ካልበቃው ውሃ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው መሣሪያ (ሲፓፕ) ይገጠምለታል። አረፋው ከቆመ የሆነ ቦታ አየር እየሾለከ ነውና ነርሷን ይጥሩ። ትንፋሹ በደቂቃ ከ70 ሲያልፍ ጡት ይቆምና የታለበው ወተት በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል፤ ወተቱ ወደ ሳንባ እንዳይሄድበት ነው፣ ጡትዎን ስለጠላ አይደለም። ማለብዎን አያቋርጡ፤ በየሦስት ሰዓቱ ካልታለበ ወተቱ ይቀንሳል።

ቫይረስ ነው ካላችሁ አንቲባዮቲክ ለምን ትወጉታላችሁ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ለተራ ጉንፋንና ለታወቀ ብሮንኮላይተስ አያስፈልግም። ችግሩ ለሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ሲታመም የቫይረስና የባክቴሪያ ምልክቱ አንድ መሆኑ ነው፦ ሁለቱም «አልጠባም፣ ደከመ» ነው። የባክቴሪያ የደም መመረዝ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ይጀመርና የደም ምርመራው እስኪመጣ ይቆያል፤ ጀርም ካልበቀለና ልጁ ከተሻለው ይቆማል። የደም ካልቸር (ከደሙ ጀርም የማብቀል ምርመራ) በማይሠራበት ቦታ ቀኑ ይረዝማል።

በተቃራኒው፣ የስድስት ወር ልጅ አፍንጫው ስለፈሰሰ ብቻ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠት ተቅማጥ ከማምጣትና ጀርሙን ከማላመድ በቀር ጥቅም የለውም።

ከጀርባው ውሃ መቅዳት ሽባ ያደርገዋል ይባላል።

አያደርገውም። በአራስ ልጅ ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው ሦስተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ ማጅራት ገትር መኖሩን ለማየት ውሃውን የሚቀዳው መርፌ የሚገባው ከዚያ በታች ነው። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ሲሆን ሰውነቱ በሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። ሽባነት ያመጣው ራሱ ማጅራት ገትሩ ሆኖ ሳለ ስሙ ለመርፌው የተረፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ምርመራ ካልተሠራ ማጅራት ገትር ይኑር አይኑር በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ መድኃኒቱም ለሰባት ቀን ይሁን ለሦስት ሳምንት መወሰን ይቸግራል።

«ምች» የመታው ሰው አራሱን ቢስመው ችግር አለው?

ከባድ ችግር አለው። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚፈነዳው፣ በተለምዶ «ምች» የሚባለው ቁስል ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ስሙን ከሳንባ ምች ጋር አያምታቱት። ለአዋቂ የሳምንት ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ላይ ላለ አራስ ግን ወደ አንጎልና ጉበት ይደርሳል። ልጁ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ላያወጣ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ መጥባት መተው፣ መቀዝቀዝ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅም «የከንፈር ቁስል ያለበት ሰው ስሞታል» ብለው ይንገሩ፤ የእናት የማሕፀን በር አካባቢ ቁስልም ካለ ያንንም።

ከዚህ ሁሉ ቫይረስ ይኼኛው ቁርጥ ያለ መድኃኒት አለው፦ አሲክሎቪር በደም ሥር፣ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም በየስምንት ሰዓቱ። ቆዳ፣ ዐይንና አፍ ላይ ብቻ ከሆነ 14 ቀን፣ አንጎል ወይም ሌላ አካል ከነካ 21 ቀን። ሲሻለው አስወጡን ማለት በሽታውን ይመልሰዋል። ምች ያለባት እናት ማጥባቷን ትቀጥል፤ አፏን በማስክ ትሸፍን፣ እጇን ትታጠብ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አትሳመው። ቁስሉ ጡቷ ላይ ከሆነ ግን ከዚያኛው ጡት አታጥባ።

ተቅማጥና ትውከት ቢሆንስ?

ሮታ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። የሮታ ክትባት በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛና በ10ኛ ሳምንት በጠብታ ይሰጣል፤ ካመለጠ ካርድዎን ይዘው ይጠይቁ። ዕድሜው ለሁለት ወር ያልሞላ ተቅማጥ ያለበት ልጅ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ከዚያ በላይ ላለው፣ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ የታሸገ የአንድ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ልኩ ነው። በየቅዝኑ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ። ካስመለሰ ዐሥር ደቂቃ ቆይተው ይቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ይድፉት። ዚንክ ለስድስት ወር ላልሞላው በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የባለ 20 ሚሊ ግራሟ ፍሬ ግማሽ፣ በታለበ ወተት ተሟሙቶ ለ10 ቀን፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ይጨረስ።

እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ዐይኑ ከሰረጎደ፣ ሆዱን ቆንጥጠው ሲለቁት ቆዳው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ይውሰዱት። እርግብግቢት የሚጎደጉደው ውሃ ስላነሰው ነው፤ ላንቃውን በጣት በመግፋት አይመለስም።

ጎረቤት ኩፍኝ ገብቷል፤ የኔ ልጅ ገና ስድስት ወሩ ነው።

መደበኛው ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። ወረርሽኝ ሲኖር ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ አንድ ክትባት የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ያ ግን የ9 ወሩን አይተካም። ከያዘው ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፦ ለስድስት ወር ላልሞላው 50,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር ላለው 100,000 ዩኒት፣ ዛሬና ነገ። ቤት አስቀምጦ ጨለማ ክፍል ውስጥ መደበቅ ከቫይታሚኑና ከክትትሉ ያዘገየዋል።

ለአር ኤስ ቪ ክትባት የለውም?

በዓለም ላይ አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ነፍሰ ጡሯ በመጨረሻዎቹ ወራት የምትወስደው ክትባት ነው፤ የሠራችውን ፀረ እንግዳ አካል ለልጁ ታስተላልፋለች። ሌላው ኒርሴቪማብ የሚባል፣ ለሕፃኑ በቀጥታ አንዴ የሚወጋ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ነው (ከ5 ኪሎ በታች ላለ 50፣ ከዚያ በላይ ላለ 100 ሚሊ ግራም)። ሁለቱም በስፋት ሥራ ላይ የዋሉት ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ በጤና ጣቢያ የምናውቀው የሕፃናት መርሐ ግብር ውስጥ ግን የሉም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች አር ኤስ ቪን ባይከላከሉም፣ በላዩ የሚደረበውን የባክቴሪያ የሳንባ ምችና ትክትክ ይከላከላሉ። ቀላል ጉንፋን ስላለው ብቻ ክትባት አይራዘምም።

እኔው ጉንፋን ይዞኛል። ላጥባው?

ያጥቡት። እርስዎ ማስነጠስ ሳይጀምሩ በፊት ቫይረሱ ደርሶታል፤ አሁን በወተቱ የሚያገኘው መከላከያውን ነው። ማስክ ያድርጉ፣ ከመያዝዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ፊቱን አይሳሙ።

አራስ ጥየቃ የሚመጣውን ዘመድ እንዴት እንመልሰው?

መመለስ አይጠበቅብዎትም። ገንፎውም ይበላ፣ ለሰባተኛው ቀን አቂቃም ለክርስትናም ሰው ይምጣ። የታመመ ሰው ግን በስልክ ይጠይቅ፤ የመጣው እጁን ታጥቦ ይግባ፣ ልጁን ከእጅ ወደ እጅ አያዟዙረው። በር ላይ ውሃና ሳሙና ማስቀመጥ ከቃል ይቀላል። ለአያት «አይስሙት» ማለት የሚከብድ ከሆነ «ሐኪሟ እስከ ሁለት ወር እንዳይሳም አለች» ብለው በእኛ ያመካኙ። እንዲያውም ከእንግዳ ይልቅ የሚያሳስበን ከመዋዕለ ሕፃናት መጥቶ በቀጥታ የሚያቅፈው ታላቅ ወንድም ነው፤ ቫይረሱን ቤት የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ገና ይስላል፣ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። አስም ነው?

ገና አስም አይባልም። የቱቦው ሽፋን ተልጦ እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል። በደንብ የሚጠባ፣ ክብደት የሚጨምርና ትንፋሹ የማይፈጥን ከሆነ ይታገሡት። በብሮንኮላይተስ የተኛ ልጅ በቀጣይ ጉንፋን ሲር ማለቱ የተለመደ ነው፤ አር ኤስ ቪም ደግሞ ሊይዘው ይችላል። ሳሉ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ሲጠባ ላብ የሚያጠምቀው ከሆነ ቲቢና የልብ ችግር መታየት አለባቸው።

ሪፈር ተጻፈልን፣ ግን መሄድ አልቻልንም። ጤና ጣቢያው ማከም አይችልም?

ለዚህ የተቀመጠ አሠራር አለ፤ ግን ሁሉንም አያካትትም። ልጁ መንቀጥቀጥ ካለበት፣ ጭራሽ የማይጠባ ከሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ሆስፒታል መሄዱ አማራጭ የለውም፤ ጤና ጣቢያው እስኪላክ ድረስ መርፌውን ይቀጥላል እንጂ አያስቀርም። ከ7 ቀን እስከ ሁለት ወር ያለ፣ ትንፋሹ ብቻ የፈጠነ ልጅ በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን ለሰባት ቀን ይወስዳል። ትኩሳት፣ መቀዝቀዝ ወይም የደረት መሰርጎድ ያለበት ግን ጄንታማይሲን መርፌ ይጨመርበታል።

ይህን መንገድ ከመረጡ «ለምን አልሄዳችሁም» ተብለው እንዳይወቀሱ ፈርተው አይጥፉ፤ በቀጠሮው ቀን ልጁን ይዘው መምጣትዎ የሕክምናው ግማሽ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን እንጂ የቫይረሱን እብጠት አይነካም። ስለዚህ በየቀኑ ትንፋሹ ይቆጠራል፣ ክብደቱ ይለካል። አዲስ ምልክት ከመጣ በማንኛውም ሰዓት፣ ካልተሻለው ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ሪፈሩ እንደገና ይጻፋል፤ እስከዚያ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከዕቁብም ከዕድርም ቢሆን ይዘው ይቆዩ።